ወራሪ ዕፅዋት በፀሐይና በጥላ

 የዛሬው ርዕሳችን ወራሪ ዕፅዋት ናቸው። የእምቦጭን፣ የቅንጨ አረምን፣ የወፍ ቆሎን፣ አፋርን ያጥለቀለቀውን የፕሮሶፒስን ስም ያልሰማ አድማጭ ያለ አይመስለኝም። ጉዳታቸው ብዙ ተነግሯልና እሱን አልደግመውም። እኔ ዛሬ ልጠይቅ የፈለግሁት እነዚህ ዕፅዋት ከብርሃንና ከጥላ ጋር እንዴት እንደሚኖሩ ነው። ፀሐይ ሲያገኙ ምን ይሆናሉ? ጥላ ሲያርፍባቸውስ? ጥያቄው ለተመራማሪ ብቻ የሚተው ሊመስል ይችላል። ግን በዘመቻ ነቅለን ባዶ ያደረግነው መሬት በዓመቱ ለምን ተመልሶ አረም እንደሚለብስ የሚያስረዳን እሱ ነው። ከመጀመሬ በፊት፣ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ከጣና እንነሳ። እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ መግባቱ የታወቀው በ2011 ነው፤ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደምቢያ በኩል። ለአገራችን ግን ከዚያ በፊትም እንግዳ አልነበረም፤ ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ወንዝ ላይ በ1960ዎቹ ታይቷል። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። በታንኳ ተጠግቶ ልብ ብሎ ላየው ሰው እምቦጭ ሁለት መልክ አለው። ውኃው ክፍት በሆነበት ጠርዝ ላይ ያለው አጭር ነው። ቅጠሎቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ቅጠሉን የሚሸከመው ዘንግ ደግሞ መሐሉ ላይ አብጦ ይታያል። ያንን እብጠት በቢላ ብትሰነጥቁት ውስጡ ነጭ፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ አየር የሞላበት ነው። ተክሉን የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። አሁን ታንኳዋን ወደ መሐል ግፉ፤ እምቦጩ ጥቅጥቅ ወዳለበት። እዚያ ያለው ዘንጉ ቀጭንና ረጅም ነው፤ እስከ አንድ ሜትር ሊደርስ ይችላል። እብጠቱ ጠፍቷል። ቅጠሉም ወደ ጎን መዘርጋቱን ትቶ ወደ ሰማይ ቆሟል።

ሁለት ዝርያ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ተክል ነው። ከመሐል ነቅላችሁ ክፍት ውኃ ላይ ብትተዉት ከዚያ በኋላ የሚያወጣቸው ቅጠሎች አጭርና ያበጡ ይሆናሉ። ጠርዝ ላይ ያለው ብርሃን የሚሻማው የለም፤ ስለዚህ ጉልበቱን የሚያውለው በመንሳፈፍና በመዋለድ ላይ ነው። በውኃው ላይ ቅርንጫፍ ይልካል፣ በጫፉ ላይ ልጅ ያበቅላል፣ ልጁም በተራው ሌላ ይወልዳል። ሁኔታው ሲመቸው በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። መሐል ላይ ያለው ግን በሁሉም አቅጣጫ ጎረቤት ከቦታል። እዚያ ብርሃን የሚያገኘው ከጎረቤቱ በላይ ራሱን ያወጣ ብቻ ነው። ለመንሳፈፍም ብዙ መጨነቅ የለበትም፤ ተደጋግፈው ቆመዋልና። ያለውን ሁሉ ቁመት ላይ ያፈሳል።

ለመሆኑ ዓይን የሌለው ተክል ጎረቤት እንዳለው በምን ያውቃል? መልሱ ከብርሃኑ ቀለም ነው። የፀሐይ ብርሃን ብዙ ቀለማት የተቀላቀሉበት ነው። አረንጓዴ ቅጠል ምግብ ለመሥራት በብዛት የሚወስደው ሰማያዊውንና ቀዩን ነው። ከቀዩ ወዲያ ያለውን፣ የሰው ዓይን እምብዛም የማያየውን፣ ሩቅ ቀይ የሚባለውን ብርሃን ግን አይጠቀምበትም፤ ከፊሉን ወደ ታች ያሳልፈዋል፣ ከፊሉን ወደ ጎን ይመልሰዋል። ስለዚህ ከቅጠል ሥር ያለ ጥላ መጠኑ ያነሰ ብርሃን ብቻ አይደለም። ቀዩ የተመጠጠበት፣ ሩቅ ቀዩ ግን የተረፈበት ብርሃን ነው። ከድንጋይ ወይም ከግድግዳ ጥላ የሚለየውም በዚህ ነው። ክፍት ሜዳ ላይ ሁለቱ ብርሃኖች በመጠን ተቀራራቢ ናቸው፤ ጥቅጥቅ ባለ ደን ሥር ግን ሩቅ ቀዩ ቀዩን ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል።

ተክሉ ይህን ልዩነት የሚለይበት ፊቶክሮም የሚባል ፕሮቲን አለው። የዚህ ፕሮቲን ታሪክ የሚጀምረው ከሰላጣ ዘር ነው። በ1952 ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ከተማ ብዙም በማትርቀው ቤልትስቪል በሚገኘው የአሜሪካ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ሃሪ ቦርዝዊክና ስተርሊንግ ሄንድሪክስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በውኃ የራሰ የሰላጣ ዘር በጨለማ አስቀመጡ። ለጥቂት ጊዜ ቀይ ብርሃን ሲያበሩበት በቀለ። ከቀዩ ቀጥሎ ሩቅ ቀይ ሲያበሩበት አልበቀለም ማለት ይቻላል። ቀይ፣ ሩቅ ቀይ፣ ቀይ፣ ሩቅ ቀይ እያሉ ደጋግመው ሲያፈራርቁበት ደግሞ ዘሩን የሚወስነው መጨረሻ ላይ ያየው ብርሃን ሆኖ ተገኘ። መጨረሻው ቀይ ከሆነ ይበቅላል፤ ሩቅ ቀይ ከሆነ ተኝቶ ይቆያል። ፕሮቲኑ ራሱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተገኘና ፊቶክሮም ተባለ። ነገሩን ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ያ ትንሽ ዘር በላዩ ቅጠል ይኑር ወይም ባዶ ሰማይ ይሁን ለይቶ ያውቃል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ተክል ጎረቤቱን የሚያውቀው ጥላው ካረፈበት በኋላ ብቻ አይደለም። ከጎኑ ካሉት ቅጠሎች ተመልሶ የሚመጣው ሩቅ ቀይ ብርሃን ግንዱ ላይ ሲያርፍ፣ ገና ምንም ጥላ ሳይነካው፣ መርዘም ይጀምራል። ፀሐይ ወዳድ የሆኑ ወራሪዎች በዚህ በኩል ፈጣኖች ናቸው። አካባቢው ሲለወጥ እነሱም ቶሎ ይለወጣሉ። አንድን መጤ ተክል ወራሪ ከሚያደርጉት ነገሮች መካከል ለእኔ ዋናው ይህ መልክን የመለዋወጥ ችሎታ ነው። ብርታቱ ፀሐይን በመውደድ ወይም ጥላን በመቻል ብቻ አይለካም፤ በሁለቱ መካከል ምን ያህል ርቀት መሄድ እንደሚችል ነው የሚለካው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ከሐይቁ ወጥተን ወደ ማሳና ወደ መንገድ ዳር እንሂድ፤ ወደ ቅንጨ አረም። ይህ አረም ከመካከለኛው አሜሪካና ከአካባቢው የመጣ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1970ዎቹ እንደሆነ ይነገራል። ሐረርጌ ውስጥ የማያውቀው ገበሬ የለም። ወሎም፣ መሐል አገርም በመንገድ ዳር ነጫጭ ትናንሽ አበባውን ነስንሶ ታገኙታላችሁ። ሲነኩት ቆዳ የሚያሳክካቸው፣ ብናኙ አስም የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የበላችው ላም ወተትም ይመራል።

ቅንጨ አረም ሕይወቱን የሚጀምረው መሬት ላይ ተለጥፎ ነው። የተሸነታተሩ ቅጠሎቹን በክብ ዘርግቶ አፈሩን ይሸፍናል። ከዚያ ሽፋን ሥር ሌላ ቡቃያ ብቅ ቢል ብርሃን አያገኝም። በዚህ ጊዜ አረሙ ቁመት የለውምና ብዙ ሰው ንቆት ያልፋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ከመሐሉ አገዳ ያወጣል፤ ቅርንጫፍ ይከፍላል፤ ለም አፈር ላይ ከሆነ እስከ ሁለት ሜትር ይቆማል። መጀመሪያ መሬቱን ይይዛል፣ ቀጥሎ ከፍታውን ይይዛል። አንድ ደህና የበቀለ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል።

ዘሩ ደቃቅ ነው። ደቃቅ ዘር ደግሞ ብዙ ስንቅ አይዝም፤ ስለዚህ ከጥልቅ አፈር ተነስቶ ብርሃን ላይ መድረስ አይችልም። ከአፈሩ ወለል ላይ ያለው ይበቅላል፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል የተቀበረው አይወጣም ማለት ይቻላል። ግን አይሞትም። ቀብረነው ለዓመታት ይቆይና አንድ ቀን ማረሻው ገልብጦ ወደ ላይ ያወጣዋል። ደጋግሞ ማረስ አረሙን ያጠፋል ብሎ የሚያስብ ገበሬ ነቀፋ የለበትም፤ ለብዙ አረም ትክክል ነው። ለቅንጨ አረም ግን አንዱን እርሻ ከሌላው የሚያገናኝ ነገር ያስፈልጋል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የቅንጨ አረም ድክመት ጥላ ነው። ሣር ደህና በሸፈነው ግጦሽ ላይ ቡቃያው ይቀጭጫል። ከብት በዝቶበት፣ ሣሩ እስከ ሥሩ ተግጦ አፈሩ በተጋለጠበት ግጦሽ ላይ ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ሜዳው የእሱ ይሆናል። ከብቶቹ ሣሩን ይበሉለታል፣ እሱን ይተዉታል። በዚህ ላይ ኬሚካል ወደ አፈሩ እየለቀቀ የጎረቤቶቹን ዘር ያዳክማል። ግን ኬሚካሉ እንዲሠራለት መጀመሪያ ብርሃን ማግኘት አለበት፤ ብርሃኑን የምንሰጠው እኛ ነን።

ስለ ፀሐይ ወዳዶቹ ይህን ያህል ካልን፣ ጥላ ውስጥ መኖር ማለት ምን እንደሆነ እንይ። ጥቅጥቅ ባለ የቆላ ዝናብ ደን ውስጥ ከላይ ከወረደው ብርሃን መሬት የሚደርሰው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው። ቅጠል እንደ ደመወዝተኛ ነው፤ ቀን በብርሃን ያገኘውን ምግብ ሌትም ቀንም ለመተንፈስ ያወጣል። ገቢው ከወጪው ካነሰ ቀስ እያለ ይሞታል። ጥላ የለመዱ ዕፅዋት ወጪያቸውን የቀነሱ ናቸው። ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ቅጠላቸውን ለረጅም ጊዜ ይይዛሉ፣ በዛፎቹ መካከል ሾልኮ የሚገባው ጭላንጭል ለጥቂት ሰከንድ ሲያርፍባቸው ፈጥነው ይጠቀሙበታል።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ቡና አለላችሁ። ጅማ፣ ካፋ፣ ሲዳማ ወይም ጌዴኦ ያላችሁ አድማጮች ነገ ጠዋት ሁለት የቡና ቅጠል ቁረጡ። አንዱን ከዋንዛ ወይም ከሳሳ ጥላ ሥር ካለ ቡና፣ ሌላውን ምንም ጥላ ከሌለው። ጎን ለጎን ያዟቸው። የጥላው ሰፋ ያለ፣ ስስ፣ ጥቁር አረንጓዴ ነው። የፀሐዩ ጠበብ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ የሚያዘነብል ነው። በጣት ስታሹት እንኳ ልዩነቱ ይታወቃል። የጥላው ቅጠል በትንሽ ሥጋ ብዙ ስፋት ይዘረጋል፤ ያገኘውን ጥቂት ብርሃን ሳያመልጠው ለመሰብሰብ ነው። የፀሐዩ ቅጠል ብርሃን ሞልቶታል፤ ጭንቀቱ መድረቅና መቃጠል ነው። ስለዚህ ይጠብባል፣ ይወፍራል፣ ምግብ የሚሠሩትን ሴሎቹን ደርድሮ ያጨቃቸዋል። እናትና አባቱ አንድ የሆነ ችግኝ እንደተተከለበት ቦታ ከሁለቱ አንዱን ቅጠል ያወጣል።

ቡናን ያነሳሁት ለምሳሌ ብቻ አይደለም። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ልጅ የሆነው አረቢካ ቡና ሌላ አገር ሲሄድ ራሱ ወራሪ ሆኗል። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ የዝናብ ደን ውስጥና በሃዋይ ደሴቶች ከእርሻ አምልጦ፣ ማንም ሳይተክለው፣ ከአገሬው ዛፎች ሥር ይበቅላል። በደቡብ ህንድ የምዕራብ ጋት ተራሮች ከቡና እርሻ ጎን ባሉ ደኖች ውስጥም የቡና ችግኝ ገብቷል። ወፍና አውሬ ቀይ ፍሬውን በልተው ዘሩን ደን ውስጥ ይጥሉታል። ጥላው ለሌላው መጤ ተክል መከላከያ አጥር ነው፤ ለቡና ግን የተወለደበት ቤት ነው። እኛ ጋ ከተባዩ፣ ከበሽታውና ከጎረቤቶቹ ጋር ተስማምቶ ኖሯል። እዚያ እነዚያ የሉም። ስለ ወራሪ ዕፅዋት ስናወራ ሁልጊዜ ተበዳይ ሆነን እናወራለንና፣ እኛም ለዓለም አንድ እንዳዋጣን ማወቁ አይከፋም።

(አጭር ሙዚቃ)

በፀሐይና በጥላ መካከል የሚኖሩም አሉ። የወፍ ቆሎ ከእነዚህ አንዱ ነው። ቢጫ፣ ሮዝና ቀይ አበባው በአንድ ራስ ላይ ተሰብስቦ ስለሚያምር ለአጥርና ለጌጥ ተብሎ ከአሜሪካ አህጉር ወደ ብዙ አገር ተወስዷል። አውስትራሊያ የገባው በ1841 ሲሆን ዛሬ አራት ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ይዟል። የሚወደው ቦታ ዳርቻ ነው፤ ደኑ አልቆ ማሳው የሚጀምርበት፣ መንገድ ደኑን የሰነጠቀበት፣ ዛፍ ወድቆ ሰማይ የተከፈተበት ቦታ። ምንም ክፍተት የሌለው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ አይዘልቅም። ከፊል ጥላ ውስጥ ግን ይኖራል፤ ቅጠሉን አስፍቶ፣ አበባውን ቀንሶ፣ እሾሃማ ቅርንጫፉን በሌሎች ቁጥቋጦዎች ላይ እያንጠላጠለ ይቆያል። በላዩ ያለው ዛፍ አንድ ቀን ሲቆረጥ ያ ቆጥቦ የኖረ ቁጥቋጦ በአንድ ወቅት ጥሻ ይሆናል፤ አበባውም ፍሬውም ይበዛል። ጥቁር ፍሬውን ወፎች ወደሚቀጥለው ክፍተት ይወስዱለታል።

ብርሃንና የወፍ ቆሎ የሚገናኙበት አንድ አሳዛኝ መንገድም አለ። ግጦሽ ጠፍቶባት ይህን ተክል የበላች ላም ጉበቷ ይጎዳል። ጤነኛ ጉበት ከሣር ክሎሮፊል መፈጨት የሚቀረውን አንድ ንጥረ ነገር ከሐሞት ጋር ያስወግዳል። የተጎዳ ጉበት ግን አያስወግደውም፤ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ያ ንጥረ ነገር ቆዳ ሥር ሆኖ ፀሐይ ሲያርፍበት ሥጋውን ያቃጥለዋል። በተለይ ነጭ ቆዳ ባለበት፣ በአፍንጫና በጆሮ አካባቢ፣ ቆዳው ይቀላል፣ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል። እንስሳዋ መብላት ትታ ጥላ ፍለጋ ትሄዳለች። ከብቶቻችሁ የወፍ ቆሎ ባለበት ከዋሉ በኋላ በጠራራ ፀሐይ መውጣት እምቢ ካሉ፣ ሌላ ምክንያት ሳትፈልጉ ጥላ ውስጥ አቆዩአቸውና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

በዋሽንግተንና በአካባቢው ሆናችሁ የምትከታተሉን ደግሞ ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ስትንሸራሸሩ የዛፍ ግንድ ላይ የሚወጣ አረንጓዴ ሐረግ አይታችሁ ይሆናል። አይቪ ይባላል፤ ከአውሮፓ የሄደ ወራሪ ነው። ጥላ ውስጥ ሳለ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ቅጠሉ ጣት ጣት ያለው ነው፤ አበባም ፍሬም የለውም። በግንዱ ላይ ወጥቶ ከላይ ፀሐይ ሲያገኝ ሌላ ተክል ይመስላል። ቅጠሉ ጣቱን ያጣል፣ መንጠላጠል ያቆማል፣ ያብባል፣ ወፍ የሚበላው ጥቁር ፍሬ ያፈራል። ልጅነቱ በጥላ፣ ጉልምስናው በፀሐይ ነው። ለዚህ ነው ፈቃደኛ ሠራተኞች መሬት ላይ ያለውን ሁሉ ለመንቀል ጊዜ ሳይበቃቸው ሲቀር ዛፍ ላይ የወጣውን ከግንዱ ሥር ቆርጠው የሚሄዱት። የተቆረጠው ከላይ ይደርቃል፤ የቀረው ጥላ ውስጥ ስላለ ዘር አይዘራም።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ደኑ ካልተነካ ወራሪ አይገባም የሚል ስሜት ሊያሳድር ይችላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። የታሂቲ ደሴት ነገር ይህን ያሳየናል። በ1937 ሃሪሰን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ከመካከለኛው አሜሪካ አካባቢ የመጣ ሚኮኒያ የሚባል ዛፍ፣ በቅጠሉ ውበት ተማርኮ፣ ፓፔአሪ በሚገኘው የዕፅዋት ቦታው ተከለው። ቅጠሉ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት አለው፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ወይን ጠጅ። ይህ ዛፍ ክፍተት አልጠበቀም። ዘሩ በደኑ ጥላ ውስጥ በቀለ፣ ችግኙ በጥላ ውስጥ ታግሶ አደገ፣ ከዚያ በኋላ በእነዚያ ግዙፍ ቅጠሎቹ ከሥሩ ላለው ሁሉ የባሰ ጨለማ አመጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደሴቶቹን የመቱት አውሎ ነፋሶች የአገሬውን ዛፍ ሲሰብሩ ደግሞ ጥላ ውስጥ ተሰልፎ የሚጠብቀው ችግኝ ሁሉ ተተኮሰ። ዛሬ ከታሂቲ መሬት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይዟል። እንደዚህ ያለውን ጥላ ቻይ ወራሪ ጥላ አይመልሰውም፤ የሚመልሰው ገና በችግኝነቱ ለይቶ መንቀልና፣ መጀመሪያውኑ አለማስገባት ነው። ጌጥ ነው ተብሎ ከውጭ የሚገባ ችግኝ ላይ የሚደረግ ቁጥጥርን እንደ ቢሮክራሲ የምናይ ሰዎች ብናስብበት ይሻላል።

ፕሮሶፒስን በአጭሩ አነሳዋለሁ። አፋር ውስጥ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተተከለው ከሌሎች ጥቅሞች ጋር ለጥላና ለንፋስ መከላከያ ተብሎ ነው። በዚያ ሙቀት ጥላ መፈለግ ማንም የሚረዳው ነገር ነው። ቡቃያው ግን ክፍት መሬት ይወዳል፤ ፍየልና ግመል ጣፋጭ ፍሬውን በልተው ዘሩን በበጠጣቸውና በፋንድያቸው በተራቆተ ግጦሽ ላይ ይበትኑለታል። ካደገ በኋላ ሥሩ ሣር አይታይም። ከመሬት በላይ ከቆረጡት ከጉቶው ብዙ ሆኖ ያቆጠቁጣል፤ መቆረጥ ያለበት ከአፈር በታች ነው።

እንግዲህ ወደ ዘመቻችን። ብዙ ጊዜ የምንለካው የነቀልነውን ነው፤ ይህን ያህል ሄክታር ጸዳ እንላለን። የጸዳ መሬት ግን ለአፈሩ ዘር ሁሉ ቀይ ብርሃን የበራበት መሬት ነው። የወፍ ቆሎ ጥሻ ተመንጥሮ ባዶውን ቢተው ከሥሩ ተኝቶ የነበረው የራሱ ዘር ወይም ከመንገድ ዳር የሚመጣው ቅንጨ አረም ይይዘዋል። ስለዚህ ነቀላው የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ማልበስ ነው። ማሳ ከሆነ ቶሎ ቅጠሉ የሚገጥም ሰብል ይዘራበት፤ ማሽላ ጠበቅ ተደርጎ ሲዘራና በመሐሉ አደንጓሬ ሲገባበት መሬቱን ቶሎ ያጠላዋል። ቀደም ብዬ በሁለት እርሻ መካከል የሚያገናኝ ነገር ያስፈልጋል ያልኩት ይህንን ነው። ግጦሽ ከሆነ ለተወሰነ ጊዜ ከከብት ከልሎ ሣሩ እንዲገጥም መተው ነው። በ2016 በአገራችን የተለቀቀው ቅንጨ አረም በል ጥንዚዛም ሥራው ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ቅጠሉን በበላ ቁጥር ጎረቤት ሣር ብርሃን ያገኛል። ሣር ከሌለ ግን ብርሃኑን የሚወስደው ሌላ አረም ነው።

የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችንም እዚህ ይነሳሉ። ብዙዎቹ ትናንሽ ናቸው፤ ትንሽ ደን ደግሞ ከስፋቱ ይልቅ ዳርቻው ይበዛል። ከብት ዳርቻውን በበላ፣ ሰው ለማገዶ ጥቂት በቆረጠ ቁጥር ብርሃኑ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ብርሃኑን ተከትሎ የወፍ ቆሎ ይገባል። ደቡብ ጎንደር ውስጥ አንዳንዶቹ ዙሪያቸውን በድንጋይ ካብ ታጥረዋል። ካቡ ከብቱን ይከለክላል፤ የዳርቻው ቁጥቋጦ ያገግምና ጥላው መልሶ ይገጥማል።

ሐይቁ ግን ይለያል። ጣና ላይ ሣር አንዘራም፣ ዛፍ አንተክልም፤ የውኃውን ወለል የሚያጠላ ሌላ ነገር የለንም። እዚያ የእምቦጩ እድገት የሚወሰነው ከየእርሻው ታጥቦ በሚገባው ማዳበሪያና ደለልም ጭምር ነው፤ ያ ራሱን የቻለ ዝግጅት ይፈልጋል። ከብርሃን አንጻር ግን ሁለት ነገር ማለት እችላለሁ። አንደኛው፣ መሐሉን በማሽን አጭዶ ጥቂት ቁርጥራጭ ውኃ ላይ መተው ለእነዚያ ቁርጥራጮች ክፍት ቦታና ሙሉ ፀሐይ መስጠት ነው። ወዲያው ወደዚያ አጭር፣ ያበጠ፣ ፈጥኖ ወደሚዋለድ መልካቸው ይመለሳሉ፤ ነፋስም ወደ አዲስ ዳርቻ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ጥቂቶች መልቀም ከመጀመሪያው ክምር ያላነሰ ሥራ ነው። ሁለተኛው ዘሩን ይመለከታል። እስከ ሃያ ዓመት ጭቃ ውስጥ መቆየት ይችላል፤ የሚበቅለው በአብዛኛው በበጋ ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ብርሃንና ሙቀት ሲያገኝ ነው። በዚያ ወቅት የሐይቁ ዳር ላይ ያለው ችግኝ ከጣት አይበልጥም፤ ሥሩም ገና አልጠለቀም። ውኃው ተመልሶ ሳያነሳው በፊት በእጅ ይለቀማል፤ ተለቅሞም ውኃ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይደርቃል እንጂ እዚያው ዳር ላይ አይከመርም። ቅንጨ አረም ለመንቀል የምትወጡ ደግሞ ከማበቡ በፊት፣ መሬት ላይ እንደተለጠፈ፣ አፈሩ ርጥብ ሳለ ውጡ፤ እጃችሁን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍኑ፣ አፍና አፍንጫችሁንም ተከናነቡ።